የበረኛው አሚን

የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ሲያዩ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ጩኸታቸው ደስ ይለኛል። ጨዋታው አይገባኝም ብዬ ስለነገርኳቸው ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ወደዚያች ነጭ ነጥብ ሲጠቁም፣ አንዱ ኳሷን ሲያስቀምጥና ሌላው በሁለቱ ቋሚዎች መካከል እጁን ዘርግቶ ሲቆም ግን ብድግ ብዬ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። «የአያቴ ልብ አልቻለም!» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ጎመኔን ሳይ እቆይና ጩኸቱ ሲበርድ እመለሳለሁ። ገባ ወይ ብዬ አልጠይቅም።

በቀደም አንደኛው፣ ወሬ የሚወደው፣ ከሬዲዮ የሰማውን ሊያጫውተኝ አጠገቤ ቁጭ አለ። በፈረንጅ አገር አንድ በረኛ ጨዋታ ሸጦ ተያዘ አለኝ።

«ሆን ብሎ አስገባ እኮ አያቴ! ጉድ አይደል?»

«ሆን ብሎ ማስገባት እንዲህ የሚቀል መሰለህ?» አልኩት።

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ልጁ ደነገጠ። በሱ አልነበረም የተቆጣሁት። እኔ የማውቀው በረኛም ጨዋታ ሸጦ ነበር፤ ማስረከብ ነው ያቃተው። ዳኛው አጭበርብሮ፣ ተጋጣሚዎቹ አጭበርብረው፣ እሱም በገዛ እጁ አጭበርብሮ ኳሷ እምቢ አለች። ይኸው አርጅቼም አልለቀቀችኝም። አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ከነአቧራዋ ትመጣብኛለች።

በረኛው ታላቅ ወንድሜ ነው።

ጣሊያን ደሴ ከገባ በኋላ ነው ነገሩ። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ፒያሳ፣ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ጎማ ይቀይራል። ከካሚዮን ላይ ጎማ ሲወረወር ሌላው ሰው ሸሽቶ መሬት እስኪያርፍ ይጠብቃል፤ እሱ ግን እጁን ዘርግቶ ይቀልበዋል። በረኛ ያደረጉትም ይህን አይተው ነው። ጣሊያኖቹ እሑድ እሑድ ሠራተኞቻቸውን ኳስ ያጋጥሙ ነበር። ነጭና ጥቁር አንድ ሜዳ ላይ አይገባም፤ የኛ ሰው ከኛ ሰው ይጫወታል፣ እነሱ ወንበር ላይ ሆነው ይስቃሉ፣ ይወራረዳሉ። ወንድሜ በዚያ ቡድን ውስጥ መግባቱን መጀመሪያ አልወደድኩለትም ነበር። ኋላ ግን ኳስ ይዞ ሲነሣ ሳየው፣ ያ የተሰበረ ፊቱ ሲበራ፣ ተውኩት።

ታናሻችን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ሲሥቅ ቤቱ ይሞላል። ማንም ሰው ስለ ምንም ነገር ሲጨነቅ ካየ «አብሽር!» ይላል፤ አይዞህ፣ ደስ ይበልህ ማለቱ ነው። ዝናብ ሲጠፋ አብሽሩ፣ ጣሊያን ሲገባም አብሽሩ። እናቴ «ይሄ ልጅ ቀብሬ ላይም አብሽሩ ሊል ነው» እያለች ትስቅበት ነበር።

ደሴ ዙሪያ አጎታችን ዘንድ ሄዶ በአህያ ድንች ጭኖ ሲመለስ ባንዳዎች መንገድ ላይ ያዙት። ከድንቹ ሥር ጥይት ተገኘበት አሉ። በተራራው ላይ ላሉት አርበኞች ሲያቀብል ነበር አሉ። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እውነት ከሆነ ለኛ ሳይነግር፣ ለኛ ሲል ደብቆ ነው የያዘው፤ ይህን ሳስብ እኮራበታለሁ፣ ወዲያው ደግሞ እናደድበታለሁ።

በየቀኑ እስር ቤት ስንቅ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። አገልግሉን በር ላይ እሰጣለሁ፣ ባዶውን እቀበላለሁ። ከዚያ እስረኞቹን በካሚዮን ጭነው በአሰብ መንገድ ሊያወርዷቸው ነው የሚል ወሬ ተነሣ። በዚያ መንገድ የወረደ እስረኛ ተመልሶ ያየ ሰው አልነበረም። እናቴ እህል አልቀምስ አለች።

በዚያው ሰሞን አስተርጓሚው ቤታችን መጣ። የደሴ ሰው ነው፤ ለጣሊያኖቹ አፍ ሆኖ ካደረ በኋላ ሰላምታውም ተለውጦ ነበር። እናቴ ወጥታለች። እኔ ውሃ አቅርቤለት ከበሩ ሥር ቆምኩ። እንደ ዕቃ ቆጥሮኝ ይሁን አላውቅም፣ ውጪ አላለኝም።

«ስማኝ ወንድሜ» አለው። «አውሮፕላን ማረፊያውን የሚያሠራው የኮምቦልቻው መቶ አለቃ ከናንተ ጋራዥ ሹም ጋር ተወራርዷል። መሳቂያ መሆን የማይወድ ሰው ነው። የእስረኞቹ ካሚዮን ደግሞ በሱ እጅ ነው። ማን ይጫን፣ ማን ይቅር የሚለው እሱ ነው።»

ወንድሜ ዞሮ እኔን አየኝ፤ አስተርጓሚው ቀጠለ።

«እሑድ ኮምቦልቻ ካሸነፈ ወንድምህ አይጫንም። ሰው ሲረሳው ደግሞ ቀስ ብሎ ይፈታል። ከባድ ነገር አልጠየቅንህም። ኳሷ ስትመጣ ትንሽ ዘግየት ማለት ነው።»

«ደሴ ካሸነፈስ?»

«እሱን እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?» አለና ውሃውን ጠጥቶ ወጣ።

ወንድሜ ሲያመነታ አላየሁትም። «ኳስ ቆዳ ናት፤ ወንድሜ ሥጋዬ ነው» አለኝ። ያስጨነቀው ሌላ ነበር። የቡድኑ ልጆች የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው። ደሴ በዚያ ዘመን በምንም ነገር ቢሆን ማሸነፍ ርቧት ነበር። ሽጧል ቢባል ባንዳ ነው የሚሉት፤ ይህ ስም ደግሞ ከቤት ወደ ቤት ይወረሳል። «እማ እንዳትሰማ» አለኝ። እናቴን ሁለታችንም እናውቃታለን። ደስታም ሆነ ኀዘን ሆዷ ውስጥ አያድርም፤ ሳታውቀው ሰፈሩን ታዳርሰዋለች። እሺ አልኩት።

ሐሙስ እናቴ ወዳጃ ጠራች። ወዳጃ ማለት በኛ አገር ሰው ተሰብስቦ አንዱ ለሌላው ዱዓ የሚያደርግበት ነው። ከዐሥር ሶላት በኋላ ቤታችን ሞላ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም መጡ፤ የሰው ጭንቅ ሲሆን በኛ ሰፈር ማንም አይቀርም። የቡድኑ ልጆችም መጥተው ከወንድሜ ጎን ተደርድረው ተቀመጡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲህ ነበርኩ።

የወዳጃ ደንብ አለው። ሐጃ ያለው፣ ማለትም የሚለምነው ጉዳይ ያለው ሰው፣ በሰው ሁሉ ፊት በአፉ ይናገራል። ዱዓውን የሚመሩት ሼህ እጃቸውን ዘርግተው ያን ጉዳይ ይለምኑለታል፣ ቤቱ በሙሉ አሚን ይላል። ባለጉዳዩ ራሱ አሚን ካላለ ግን ዱዓው አይዘጋም። እጃቸውን እንደዘረጉ ይጠብቁታል።

እናቴ ቀደመች። «ልጄን ከእስር ያውጣልኝ» አለች። ሼሁ አለቀሱ፤ ሰውም እያለቀሰ አሚን አለ። የታመመ አለ፣ ከብት የጠፋበት አለ፤ ሁሉም በየተራው ተናገረ። ሼሁ ወደ ታላቅ ወንድሜ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ፣ ሐጃህ ምንድን ነው?»

ወንድሜ አቀረቀረ። ምን ይበል? ጓደኞቹ በተቀመጡበት፣ እንድሸነፍ ለምኑልኝ ይበል? «የኔ ከእናቴ ሐጃ ጋር አንድ ነው፣ ሼሄ» ቢል ምናለ እያልኩ ከመጋረጃው ወዲህ ጣቴን እነክሳለሁ። አሁን ሳስበው ይህን ብሎ ቢሆን እውነትም ነበር። አልመጣለትም። ዝም ሲል ከጎኑ ያለው የቡድኑ ልጅ ትከሻውን መታ መታ አደረገና ሳቀ።

«እሱ አፍሮ ነው ሼሄ! የሱማ ሐጃ ይታወቃል። እሑድ ኮምቦልቻ አለን። ኳሷ እጁን አልፋ እንዳትገባ ዱዓ ያድርጉለት!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከእናቴ ልቅሶ በኋላ ሰው ሳቅ አምሮት ነበር። ሼሁም ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረብ፣ ይህ ልጅ የአባቱን ቤት የያዘ ልጅ ነው። እጁን አታሳፍረው። የመጣችበት ሁሉ በእጁ ትቅር። ያቺ ኳስ እሱን አልፋ አትግባ።»

«አሚን!» አለ ቤቱ። እናቴ ከሁሉም በላይ ጮኻ አለች።

ሼሁ እጃቸውን አላጠፉም። ወንድሜን እያዩ ይጠብቃሉ። ሰውም ዞሮ ያየዋል። እኔ በመጋረጃው ስንጥቅ ፊቱን አየሁት፤ ልጅ ሆኖ ትኩሳት ሲይዘው እንዲህ ነበር የሚመስለው። እናቴ «በል እንጂ የኔ ጌታ!» አለችው።

«አሚን» አለ።

ሰው ሲበተን ከቤቱ ጀርባ አገኘሁት። «በወንድሜ ላይ አሚን አልኩ» አለኝ።

«ተው ጋሼ፣ አላህ ልብህን ያያል» አልኩት።

«እሱስ ያያል። ያ ሁሉ ሰው ግን በአፉ ነው የለመነው።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር።

እሑድ በጋራዡ ካሚዮን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። እኔና ሁለት ሌሎች ሴቶች ለልጆቹ ውሃና ዳቦ ይዘናል። እናቴ ቤት ቀረች፤ ከመስገጃዋ አልነሣም አለች። ደሴን ጉም ውስጥ ትተናት ወጥተን፣ ቁልቁለቱን ጨርሰን ስንደርስ ኮምቦልቻ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ሜዳው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥግ ነበር። ጎሎቹ የባሕር ዛፍ እንጨት ናቸው፣ መረብ የላቸውም። ጣሊያኖቹ በድንኳን ጥላ ሥር ተደርድረዋል። መቶ አለቃው ቀጭን፣ ጫማው የሚያበራ ሰው ነበር።

ገና ሳይጀመር ነው ማጭበርበሩ የጀመረው። ዳኛው የመቶ አለቃው የራሱ ወታደር ነው። የኮምቦልቻ ሠራተኛ ነው ተብሎ የሌላ ሰው ልብስ የለበሰው አጥቂ ደግሞ ከአስመራ የመጣ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ማረፊያው ላይ ድንጋይ ያላነሣ። የኛዎቹ ሲያዩት ተንጫጩ፣ ሰሚ አላገኙም። እኔ ግን፣ አፉ በሉኝ፣ ደስ አለኝ። ይህን ሁሉ አቀናብረው ኮምቦልቻ እንዴት ይሸነፋል? ወንድሜ ምንም ማድረግ ሳያስፈልገው ሊያልቅለት ነው ብዬ ውሃዬን ይዤ ከሱ ጎል ኋላ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ የገባችው ግን በወዲያኛው በኩል ነበረች። የኮምቦልቻ ተከላካይ ለራሱ በረኛ ኳስ ሊመልስ ከፍ አድርጎ መታት። ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነፋስ ተቀብሎ ወሰዳት፣ በበረኛው አናት ላይ አልፋ ገባች። ደሴ አንድ፣ ኮምቦልቻ ባዶ። የኛ ሰዎች ተቃቀፉ። ወንድሜ ዞሮ እኔን አየኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን የመሰለ አይቼ አላውቅም። አስካሪው ብቻውን መጥቶ መታ፤ ወንድሜ ዘግይቶ ወደቀ፣ ኳሷ እንጨቱን ገጭታ ወጣች። ደግሞ መጣች፤ ወንድሜ እንደተሳሳተ ሰው ጎሉን ትቶ ወደፊት ሮጠ፣ ከኋላው አንድ የሰፈራችን ልጅ በደረቱ አወጣት። የኛ ልጆች እንደ ዕብድ ነበር የሚጫወቱት፤ ጉልበታቸው ደምቷል፣ አይቆሙም። ወንድሜ «ተዋት! ተዋት! የኔ ናት!» ይላል፤ እነሱ ግን እሱን ለማገዝ ብለው በጎሉ መስመር ላይ ይጋደማሉ። እኔ በገዛ ሰፈሬ ልጆች ላይ ጥርሴን ነከስኩ። ጠላኋቸው፤ ያን ጊዜ ከልቤ ጠላኋቸው።

ሰዓቱ አለቀ። ዳኛው ሰዓቱን አውጥቶ አየና መልሶ ኪሱ ከተተው። ጨዋታው ቀጠለ። የዛፎቹ ጥላ ሜዳው ውስጥ ገባ፣ አሁንም ቀጠለ። በመጨረሻ አስካሪው ማንም ሳይነካው ጎሉ አጠገብ ወደቀ፤ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ሪጎሬ! ፍጹም ቅጣት ምት ማለት ነው። አቻ ቢሆኑ ደግሞ ኮምቦልቻዎች እስኪያሸንፉ እንደሚያጫውታቸው ሜዳው ላይ ያልገባው ሰው የለም።

ከወንድሜ ጀርባ ስለነበርኩ ሁሉን አይቻለሁ። አስካሪው ኳሷን አስቀመጠ። ወንድሜ ቀኝ እጁን ከጎኑ ትንሽ አንሥቶ በጣቱ መሬቱን ጠቆመው፤ በዚህ በኩል ነው የምወድቀው፣ አንተ በዚያ ምታ ማለቱ ነው። ደግሞ ደግሞ ጠቆመው። አስካሪው አየው። ፈገግ አለ። ገብቶታል ብዬ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

ወንድሜም እንዳለው ወደ ቀኙ ወደቀ። አስካሪውም በዚያው በወንድሜ ቀኝ መታ። ኳሷ ስትመጣ ወንድሜ እጁን ሊሰበስብ ሲሞክር አይቻለሁ፤ አልደረሰበትም። እጁና ደረቱ መካከል ገብታ ቀረች። አቧራው ውስጥ እንዳቀፋት ተኝቶ ቀረ። የጋራዡ ሹም ከወንበሩ ላይ እየጮኸ ተነሣ፣ ጣሊያኖቹ በመቶ አለቃው ላይ ሳቁ፤ ዳኛው ከዚያ በላይ ሊያስረዝመው አፈረ።

ልጆቹ ወንድሜን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ካሚዮኑ ድረስ ወሰዱት። ሲያወርዱት አስተርጓሚው ሾልኮ መጣ።

«ምን አደረግህ አንተ ሰውዬ?»

«ወዴት እንደምወድቅ አሳየሁት» አለው።

አስተርጓሚው ራሱን ያዘ። «ለአስካሪው አልነገርነውም እኮ! ኩሩ ነው፣ ተገዝታ የምትገባ ጎል አልመታም ይላል ብለን ደበቅነው። ሊያታልለኝ ነው ብሎ ነዋ በጠቆምክበት የመታው!»

ዳገቱን ስንወጣ ካሚዮኑ ሙሉ ዘፈን ነበር። ወንድሜ ጥግ ይዞ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቀብሯል። ልጆቹ ትሕትናው ነው አሉ። ቤት ስንደርስ እናቴ እልል እያለች ወጣች፤ ወሬው ቀድሞን ገብቷል። እጆቹን ከብብቱ ጎትታ አወጣቻቸው፣ ገለበጠቻቸው፣ መዳፍ መዳፉን ሳመችው። «ዱዓው ተሰማ! የወንድምህም ይሰማል!» አለች። እንቁላል ትጥልልን የነበረችውን ዶሮ ያን ቀን አሳረደቻት። ወንድሜ በላ። እያየችው ስለነበር በላ።

ብዙም አልቆየም። አንድ ጠዋት አገልግሌን ይዤ እስር ቤቱ በር ስደርስ ካሚዮኖቹ እየወጡ ነበር። ታናሻችንን ከላይ፣ ከሌሎች ጋር ታስሮ አየሁት። እየሮጥኩ ተከተልኩ። ቁልቁለቱን ከመውረዳቸው በፊት ጎማ ሊያስፈትሹ ፒያሳ ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። ታናሻችን ያለበት ካሚዮን የኋላ ጎማ ተበላሽቶ ነበር። ሹሙ ወደ ውስጥ ተጣራ፤ ታላቅ ወንድሜ ክሪኩን ይዞ ወጣ።

ቀና ብሎ አየው። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ክሪኩን አስገባና ጎማውን መፍታት ጀመረ። ታናሻችን ከላይ ጎንበስ ብሎ ሲያየው ፊቱ በሳቅ በራ።

«ሰምተናል እኮ ወንድሜ!» ብሎ ጮኸ። «ሪጎሬዋን ይዘህ አስቀረሃት አሉ! ወላሂ፣ እስር ቤቱ በሙሉ አልተኛም፤ በዝማሬ ነው ያደርነው! አጅሬ፣ አኮራኸን!»

ታላቅ ወንድሜ አዲሱን ጎማ አስገባ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቃቸው፣ ተመልሶ ደግሞ አጠበቃቸው። ኋላ ነው የነገረኝ፤ አላልቶ ሊተዋቸው እጁን በልቶት ነበር፤ ግን ከላይ የተቀመጠው ወንድሙ ነው። ካሚዮኑ ሲነሣ ታናሻችን እኔን አየኝ። «አብሽሪ እህቴ! እማን አብሽሪ በያት!» አለኝ። አገልግሉን ልሰጠው ብሮጥም አልደረስኩበትም። ታላቅ ወንድሜ ክሪኩን እንደያዘ ካሚዮኑ ከዓይን እስኪጠፋ እዚያው ቆሞ ቀረ።

በተከታዩ ሐሙስ እናቴ እንደገና ወዳጃ ጠራች። ያው ሰዎች መጡ፣ ያው ሼህ። እናቴ ሐጃዋን ስትናገር ድምፅ አልነበራትም። «ልጄን ከሄደበት ይመልስልኝ» አለች። ሼሁ ለመኑላት፣ ቤቱ አሚን አለ፣ እሷን ጠበቋት። አላለችም። ከመጋረጃው ወዲህ ተነሥታ፣ ሴት በማያልፍበት አልፋ፣ ታላቅ ወንድሜ ፊት ሄዳ ተንበረከከች። ማንም ያቆማት የለም።

«ባለፈው እኔ ነኝ አሚን ያልኩለት፣ የኔ አሚን ወደቀች» አለችው። «አንተ ያልካት ናት የተሰማችው። አገር አይቷል፤ ሁሉ እየተረባረበ ኳሷ አንተን አላለፈችም። የኔ ጌታ፣ ለወንድምህ አንተ አሚን በልልኝ።»

ሼሁ እጃቸውን እንደዘረጉ ወደሱ ዞሩ። ሰው ሁሉ ዞረ። እናቴ ሁለቱን እጆቹን ይዛ ወደ ላይ አነሣችለት።

«አሚን» አለ ወንድሜ። ጮክ ብሎ፣ ከሆዱ፣ ቤቱ እስኪደነግጥ። እናቴ ተነፈሰች፤ ደስ ብሏት ፊቱን ሳመችው። ከመጋረጃው ወዲህ ያሉት ሴቶች ተከትለው አሚን አሉ። እኔ አሚን አላልኩም፤ እናቴ ያነሣችለትን እጆቹን አይ ነበር።